ለአማካሪዬ የተላከ ሽምግልና

ለማስተርስ ጥናቴ አማካሪ ፍለጋ ላይ ታች ስል በነበርኩበት ሰሞን፣ አርባ ምንጭ ውስጥ ከእኔ የበለጠ ሥራ የበዛበት ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ሥራዬ ምን እንደነበር ብትጠይቁኝ ግን መልሴ መጠበቅ ነው። ስልኬን ከፍቼ ኢሜይሌን አያለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ምሳ እበላለሁ፣ ደግሜ እከፍታለሁ። የክፍል ጓደኞቼ አንድ በአንድ አማካሪ እያገኙ ቅጻቸውን ሲያስፈርሙ እኔ ባዶ ቅጽ ታቅፌ ቀረሁ።

ደንቡ ቀላል ነው። ተማሪው የሚፈልገውን መምህር ራሱ ይመርጣል፣ ራሱ ያነጋግራል፣ ቅጹን አስፈርሞ እስከ ተባለው ዓርብ ያስገባል። ያላስገባውን ደግሞ ትምህርት ክፍሉ ቦታ ላለው መምህር ይመድበዋል። ቦታ አለኝ ያሉት አንድ መምህር ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ላንቴ ድረስ እየተመላለሱ የማንጎ ተባይ ያጠናሉ። ደግ ሰው ናቸው፣ በማንጎም ላይ ምንም ቂም የለኝም። እኔ ግን ከደጋው ከገረሴ ተነሥቼ የመጣሁት ለእንሰት ብዬ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ወደ ትምህርት ከመመለሴ በፊት እዚያው ቀዬአችን የግብርና ባለሙያ ነበርኩ። በጓሯችን እናቴ በእጇ የተከለችው እንሰት ውስጥ አጠውልግ የሚባለው በሽታ ገባ። መጀመሪያ መሐል ያለው ቅጠል ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ይታጠፋል፣ ግንዱን ሲቆርጡት መግል የመሰለ ነገር ይወጣዋል። አምስትና ስድስት ዓመት የተደከመበት ተክል በሁለት ወር ውስጥ ያልቃል። ባለሙያ ተብዬ ለእናቴ የምላት ነገር «ንቀይው፣ ቅበሪው፣ ቢላሽን በእሳት አስነኪው» ብቻ ነበር። አንድ ቀን የነቀለችውን እየጎተተች ቀና አለችና «ያስተማርንሽ ቅበሪ እንድትይኝ ነው?» አለችኝ። ለማስተርስ ያመለከትኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ለማንም ግን ይህን አልተናገርኩም። ማመልከቻው ላይ «የሙያ ብቃቴን ለማሳደግ» ብዬ ጻፍኩ።

በግቢው ውስጥ በእንሰት በሽታ ላይ የሠሩት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ከሰሜን መጥተው ከሃያ ዓመት በላይ አርባ ምንጭ የኖሩ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ክፍል ሲገቡ ወረቀት የማይዙ ዶክተር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከጭንቅላታቸው እያወጡ ያስተምራሉ። ተማሪው ስለ እሳቸው ሦስት ነገር ይላል፦ አዋቂ ናቸው፣ ኩሩ ናቸው፣ ተማሪ አይጥሉም። ኩሩ የተባሉት ሰላምታ ስለማይመልሱ ነው። ጎንበስ ብላችሁ እጅ ብትነሡ ቀና ብለው ያልፏችኋል።

እንግዲህ ለእኚህ ሰው ኢሜይል ጻፍኩ። ጻፍኩ ማለቴ ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ ደብዳቤውን ከኢንተርኔት ላይ ነው ያወረድኩት። ለአማካሪ የሚላክ ናሙና ነበር፤ ክፍት ቦታው ላይ ስማቸውን ሞላሁበት። እንግሊዝኛው የሚያምር ስለመሰለኝ አንድም ቃል አልነካሁም። በዚያው ወረት ለሌሎች ሦስት መምህራንም ስም እየቀየርኩ ላክሁት፤ ምናልባት እኚህ እምቢ ቢሉ ብዬ። ሦስቱ ወዲያው ቦታ የለንም ብለው መለሱ። ዶክተሩ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። በሳምንቱ ደግሜ ላክሁ። በሌላው ሳምንት ሠለስኩ። ዝም። ቅጹ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ኮሪደር ላይ ፊት ለፊት ተገናኘንና ወገቤ እስኪታጠፍ ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው፣ ድምፄ ግን ከጉሮሮዬ አልወጣም። እንደ ግድግዳ አልፈውኝ ሄዱ። ንዴቴ እስከ ምሽት አልበረደም።

እሑድ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይደውላል፤ ልማዱ ነው። ትምህርት እንዴት ነው ሲለኝ ገነፈልኩበት። ሦስት ጊዜ ጽፌ መልስ እንዳላገኘሁ፣ ሰላም ብዬ እንደተዘጋሁ፣ እሳቸው ካልፈረሙልኝ ደግሞ እንሰቴን ትቼ ማንጎ ልቆጥር መሆኑን ዘረገፍኩለት። ምን አድርጌያቸው እንደሆነ ጠየቀኝ። ምንም፣ አልኩ። ሰው ያለ ምክንያት ሰላምታ አይነፍግም፣ ረጋ ብለሽ አስቢ አለኝ። እኔ ደግሞ ይሄ የትምህርት ጉዳይ ነው፣ አንተ አይገባህም አልኩት። ይህን ማለቴ ዛሬም ያሳፍረኛል። አባቴ እግዜር ይርዳሽ ብሎ ስልኩን ዘጋው።

እኛ አገር ሰላምታ የማይመልስ ሰው ሥራ በዝቶበት ነው አይባልም፤ ተቀይሟል ማለት ነው። ቂም ደግሞ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይታይም፤ ካልተፈታ ለመንደሩም፣ ለከብቱም፣ ለማሳውም አይበጅም ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው ወደተቀየመው ሰው ይሄዳሉ። በዚያ ሳር ፊት የተቀየመው ቂሙን፣ የበደለውም በደሉን ሳይደብቁ ይናገራሉ። ይህን ሁሉ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አባቴ ይህን ሥርዓት እስከ ግቢው ድረስ ያመጣዋል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም።

ረቡዕ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። «በሩ ላይ ነን፣ ነይ» አለኝ አባቴ። «እነማን?» ስለው ስልኩ ተዘግቷል።

ደርሼ ሳይ ወሽመጤ ተቆረጠ። አባቴና ሦስት ሽማግሌዎች የገረሴን ብርድ በሚችል ወፍራም ጋቢ ተጀቡነው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ በአርባ ምንጭ ሙቀት ላባቸው እየወረደ ቆመዋል። ታላቁ ሽማግሌ ብብታቸው ሥር በኮባ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ከጎህ በፊት የታጨደ ሳር ነው፤ እንዳይጠወልግ ነው በኮባ መጠቅለሉ። መታወቂያ ሳያሳዩት ማንንም የማያሳልፈው ጥበቃ ሳሩን ሲያይ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ቆቡን አውልቆ፣ በጋሞኛ ሰላምታ ሰጥቶ በሩን ከፈተላቸው። እኔን ግን መታወቂያ ጠየቀኝ።

አባቴን ጎትቼ ለመንኩት። ይሄ መንደር አይደለም፣ መሳቂያ ታደርገኛለህ፣ ተመለሱልኝ አልኩት። እሱ ፊቱን እንኳ አልቀየረም። ሽማግሌዎቹ በሌሊት መኪና መጥተዋል፣ አንቺም ልጃቸው ነሽ፤ ሌላ ነገር የለም አለኝ። ተማሪው ቆሞ እያየን፣ የግቢው ዝንጀሮዎች እንኳ ከቆሻሻው ገንዳ ላይ ቀና ብለው እያዩን፣ ወደ ቢሮው ሄድን።

የዶክተሩ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ጠረጴዛቸው ጋ ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ገና ማን ነው ሳይሉ ሦስቱ ሽማግሌዎች ገብተው፣ ሳሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ተንበረከኩ። አባቴም ከኋላቸው ተንበረከከና በዓይኑ ጠቀሰኝ። ሳልፈልግ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ እኔም ወለሉ ላይ ወረድኩ። ዶክተሩ ሬዲዮውን ዘግተው ቆሙና ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ንግግሩን የጀመሩት ታላቁ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው ወታደር ስለነበሩ አማርኛ ያውቃሉ፤ ወንድና ሴቱን ግን ይቀላቅሉታል።

«ወንድማችን» አሉ፣ «ልጃችን በድሎሃል። ምን እንዳደረገ እሷም አላወቀም፣ እኛም አላወቅንም። አንተ ቂምህን ንገረንና ይቅር በለን።»

ዶክተሩ ግራ ተጋብተው የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁ። ይሄኔ ንዴቴ ተመለሰ። ተማሪዎ ነኝ፣ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎታለሁ፣ ባለፈው ዓርብ ኮሪደር ላይ ጎንበስ ብዬ ሰላም ብዬዎት ዘግተውኛል አልኩ፤ ተንበርክኬም ቢሆን ድምፄ እንደ ከሳሽ ነበር። እሳቸው ከጠረጴዛው ጀርባ ወጥተው ሽማግሌዎቹን ለማንሣት መጡ። ሲመጡ የጠረጴዛውን ጠርዝ በጣታቸው እየዳሰሱ ነበር። ይህን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ትርጉሙ ግን አልገባኝም። በእግዜር ተነሡልኝ ቢሉ ሽማግሌዎቹ እምቢ አሉ። ቂሙ ሳይነገር አይነሡም።

ይህችን ቅጽበት ደጋግሜ አስባታለሁ። «ይቅር ብያታለሁ» ቢሉ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ሽማግሌዎቹ መርቀው ይሄዱ ነበር፣ የእሳቸውም ምሥጢር ምሥጢር ሆኖ ይቀር ነበር። እኔ ግን በአባቴና በአገሬ ሰው ፊት የበደልኩ ሆኜ እቀር ነበር። ዶክተሩ ተንበርክከው የነበሩትን ሰዎች ቁልቁል ትንሽ ካዩ በኋላ፣ ያዩ መሰለኝ ማለቴ ነው፣ እሳቸውም ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

«ልጃችሁ አልበደለችኝም» አሉ። «አላየኋትም። ስኳር ዓይኔን ከያዘው ሁለት ዓመት ሆነው። ፊቴ ሰው መቆሙን አውቃለሁ፣ ማን እንደሆነ አላውቅም። የተጻፈ ነገር ማንበብ ካቆምኩ ቆየሁ። ለማንም አልተናገርኩም።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ወረቀት ያስተማሩት አዋቂነታቸውን ለማሳየት እንዳልነበረ፣ ኩራት ያልነው ነገር ምን እንደነበር በአንድ ጊዜ ወረደብኝ። ሥራዬን ያስተዉኛል ብለው ፈርተው ነው የደበቁት። ታላቁ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው ትከሻቸውን ያዙና በሳሩ ፊት የተነገረ ነገር ከዚህ ክፍል አይወጣም አሏቸው። አልወጣምም። እኔም ዛሬ የምጽፈው እሳቸው ራሳቸው በኋላ ለትምህርት ክፍሉ ስለነገሩና ጻፊው ብለው ስለፈቀዱልኝ ነው።

ከዚያ ተነሥተን፣ ሳሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን ወንበር ያዝን። እኔ የዳንኩ መሰለኝ። ጥፋት የለብኝም፣ ተመስክሮልኛል፤ እንዲያውም አባቴን «አላልኩህም?» በሚል ዓይን ሁሉ አየሁት። ዶክተሩ ወደ ድምፄ ዞር አሉና በቀስታ፣ በይቅርታ አነጋገር፣ ሦስት ጊዜ የጻፍኩላቸውን አሁን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። በእንግሊዝኛ ነው አልኩ። እንግዶቹም እንዲሰሙ በአማርኛ አድርጊው አሉኝ።

ስልኬን አወጣሁ። አባቴ ልጁ ለትልቅ ሰው የጻፈችውን ሊሰማ ወንበሩን ጠጋ አደረገ። አማርኛ ለማያውቁት ለሁለቱ ሽማግሌዎች ወደ ጋሞኛ የሚመልሰው እሱ ነው።

«እጅግ የተከበሩ ዶክተር» ብዬ ጀመርኩ፣ «በመስኩ ያበረከቷቸውን አያሌ ሥራዎች ለዓመታት በጥልቅ አድናቆት ስከታተል ቆይቻለሁ።»

በእንግሊዝኛ ያማረብኝ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ አፌ ውስጥ እንደ አሸዋ ሆነብኝ። በአባቴ ጋሞኛ ደግሞ የባሰ አጠረ፦ ሥራቸውን ብዙ ዓመት ሳይ ነበር ትላለች። ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንደኛው ደስ ብሏቸው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና በጋሞኛ ጠየቁ። አባቴ ጥያቄውን ወደ እኔ መለሰው። የትኛውን ሥራቸውን ነው ያየሽው ይላሉ።

ሰውየው ሊያጋልጡኝ አልነበረም የጠየቁት፤ ከልባቸው ማወቅ ፈልገው ነው። ሳሩ ጠረጴዛው ላይ፣ በእኔና በዶክተሩ መሐል ነበር። የአንዱን ጥናት ርዕስ ቀባጥሬ ማምለጥ እችል ነበር፣ ርዕሶቹን አውቃቸዋለሁ። ግን አፌ እምቢ አለኝ። ይህን ያህል ዓመት ተምሬ፣ በዚያ ሳር ፊት መዋሸት አልቻልኩም።

«አንዱንም አላነበብኩም» አልኩ። «ደብዳቤው የእኔ አይደለም። ስም እየቀየርኩ ለአራት ሰው ልኬዋለሁ።»

አባቴ መተርጎሙን አቆመ። ሽማግሌዎቹ ምን አለች ብለው ይጠብቁታል። መጀመሪያ ወለሉን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ፣ ከዚያ በራሱ አፍ፣ ቃል በቃል፣ በጋሞኛ ነገራቸው። በሕይወቴ ብዙ አፍሬያለሁ፤ አባቴ ያችን ዓረፍተ ነገር ሲናገር እንደሰማሁባት ሰዓት ግን አፍሬ አላውቅም።

ታላቁ ሽማግሌ ረዘም ያለ ትንፋሽ አወጡና እንግዲያው በደል ነበረ ማለት ነው፣ እንኳንም መጣን አሉ። እኔም ሳልታዘዝ ከወንበሬ ወርጄ እንደገና ተንበረከክሁ። በዚህኛው ጥርሴን አልነከስኩም።

ዶክተሩ አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። ታዲያ እኔን ለምን ፈለግሽ ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ከጀመርኩ አይቀር ብዬ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ተማሪ አይጥሉም ሲባል ስለሰማሁ። ያን ጊዜ ከት ብለው ሳቁ። ሌላስ አሉ። የእናቴን ጓሮ፣ የጎተተችውን እንሰት፣ ያለችኝን ቃል ነገርኳቸው። አባቴ ይህንንም ተረጎመ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ ዳር ሆኜ ነው ያየሁት። ሽማግሌዎቹ ስለየጓሯቸው መናገር ጀመሩ። አንደኛው አብዛኛው እንሰታቸው አልቆባቸዋል። ሌላኛው አንድ ዓይነት እንሰት ብቻ እንደቀረላቸው ተናገሩ። ዶክተሩ ወደፊት ተስበው የቱ ቀድሞ ይሞታል፣ የቱ ይቆያል፣ ከየት አምጥታችሁ ተከላችሁት፣ ቢላውን ማን ይዋሳችኋል እያሉ መጠየቅ ያዙ። ሽማግሌዎቹ የእንሰቱን ዓይነት እንደ ልጅ በየስሙ እየጠሩ መለሱ። እኔ በደብተሬ ላይ እጄ እስኪዝል ጻፍኩ። የማስተርስ ጥናቴ ግማሹ ከዚያች አንድ ሰዓት ተኩል የወጣ ነው።

ሲጨርሱ ታላቁ ሽማግሌ ሳሩን አከፋፈሉን፣ መረቁን፣ ዕርቅ ወረደ። ስንወጣ ዶክተሩ ዛሬ በአፍሽ የነገርሽኝን በወረቀት አድርገሽ ነገ አንብቢልኝ፣ ከዚያ እናያለን አሉኝ። እሺም እምቢም አላሉኝም። አባቴን እስከ መናኸሪያ ሸኘሁት። ስለ ደብዳቤው ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ በመስኮቱ እናትሽ ያለችሽን ለምን አልነገርሽኝም አለኝ። መኪናው ሄደ።

ሐሙስ ሁለት ገጽ ይዤ ቀረብኩ። ማንበብ ስጀምር ሦስት ቦታ አስቆሙኝ። ይቺን ማን ጻፋት ይሉኛል፤ እኔ ስል፣ አይደለሽም ይላሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ሦስቱም ቦታ ከሌላ ሰው ጥናት የተዋስኩት አነጋገር ነበር። እዚያው ሰርዤ በራሴ ቃል መለስኩት። ስጨርስ ቅጹን ይዘሽዋል አሉኝ።

ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ምን እንደሚል ነገርኳቸው፦ ርዕሱ ይህ ነው፣ አማካሪዋ ለመሆን ተስማምቻለሁ ይላል፣ ከሥሩ ፊርማና ቀን አለው። ጸሐፊዋ ከጎን ክፍል ነበረች፤ ጠርተው እንድታነብላቸው ማድረግ ይችሉ ነበር። በዋዜማው በእሳቸው ፊት ለአራት ሰው የዋሸሁ መሆኔን የተናገርኩ ሰው ነኝ። እሳቸው ግን እስክሪብቶ አነሡና «የት ጋ ነው?» አሉኝ። ጣታቸውን ይዤ መስመሩ ላይ አስቀመጥኩላቸው። ፈረሙ።

አመስግኜ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ ቆሜ ቅጹን ከላይ እስከ ታች፣ ቃል በቃል አነበብኩት፤ የተጻፈው እኔ የነገርኳቸው መሆኑን ለማረጋገጥ።